የዕለት ደስታ በችግር መካከል

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰማ ንግግር)




ስለ ደስታ መናገር ለጤና ባለሙያዎች ጉባኤ የማይስማማ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። የሕክምና ሥራ ዘወትር ከሕመምና ከሥቃይ፣ አንዳንድ ጊዜም ከሞት ጋር ፊት ለፊት የሚያገናኝ ነውና፣ በዚህ መካከል የደስታን ነገር ማንሣት በለቅሶ ቤት ዘፈን እንደ መጀመር ሊቆጠር ይችላል። ጉዳዩን ጠጋ ብለው ሲመለከቱት ግን የተገላቢጦሽ ሆኖ ይገኛል። ሐዘንን በየቀኑ የሚያይ ሰው የራሱን የደስታ ምንጭ ካላወቀና ካልጠበቀ፣ ብዙ ዓመታት ሳይቆይ ልቡ ይደርቃል፤ እጁ መሥራቱን ባይተውም ዓይኑ በሽተኛውን ማየት ይተዋል። ስለዚህ የዕለት ደስታ ለጤና ባለሙያው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ሕይወታቸውን በእርሱ እጅ የጣሉትን ሕሙማን ጭምር የሚነካ የሥራ ጉዳይ ነው።

ጥያቄውም አንድ ነው፤ ይኸውም፦ ችግር ሳይወገድ ደስታ ይገኛልን? የሚገኝስ ከሆነ ከወዴት? ለዚህ ጥያቄ የጥንት ፈላስፎች፣ የቅርብ ጊዜ ተመራማሪዎችና ተራው ሕዝብ በየራሳቸው መንገድ መልስ ሰጥተዋል። ከዚህ ቀጥሎ መልሶቻቸው በሕሙማን አልጋ አጠገብ ከሚውለው ባለሙያ ኑሮ ጋር እየተነጻጸሩ ይቀርባሉ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ደስታ ምንድር ነው?

አማርኛ ለዚህ ስሜት ያለው ስም አንድ ብቻ አይደለም። ደስታ፣ ተድላ፣ ፍሥሓ፣ ሐሤት፣ ፈንጠዝያ እያለ እያንዳንዱን በየመልኩ ይጠራዋል። ተድላ ምቾትና ጥጋብ ያለበት ኑሮ ነው። ፈንጠዝያ ጫጫታና ጭፈራ ያለበት፣ ሞቅ ብሎ ቶሎ የሚበርድ ነው። ፍሥሓና ሐሤት ደግሞ ወደ ውስጥ ጠለቅ ያለውን የልብ ደስታ ያመለክታሉ። ብዙ ሰው “ደስታ አጣሁ” ሲል በእውነት ያጣው ተድላን ወይም ፈንጠዝያን ሆኖ ይገኛል። ተድላ ገንዘብን ይጠይቃል፤ ፈንጠዝያም ጊዜንና ጉልበትን ይጠይቃል። ሦስቱም የጎደሉበት ሰው የደስታ በር ሁሉ የተዘጋበት ቢመስለው አይፈረድበትም፤ ሆኖም የተዘጋው አንዱ በር እንጂ ሁሉም አይደለም።

የቋንቋው ሰዋስውም የሚያስተምረው ነገር አለ። አማርኛ ተናጋሪ “ደስ አለው” ሲል፣ ሰውየው የድርጊቱ ባለቤት አይሆንም፤ ደስታው ወደ እርሱ የመጣ፣ እርሱም የተቀበለ ሆኖ ይነገራል። “ራበው”፣ “ጠማው”፣ “አመመው” እንደሚባለው ማለት ነው። “ተደሰተ” ሲባል ግን ሰውየው ራሱ ባለቤት ይሆናል። እነዚህ ሁለት ግሦች ጎን ለጎን መኖራቸው የነገሩን ሁለት ገጽታ ያሳያል። በአንድ በኩል ደስታ በትእዛዝ አይመጣም፤ ሰው ራሱን “ደስ ይበልህ” ብሎ ቢያዝ ልቡ አይሰማውም። በሌላ በኩል ደግሞ የመጣውን ደስታ ተቀብሎ ማስተናገድ ወይም ሳያዩት እንዲያልፍ መተው በሰው እጅ ነው። እንግዳ እንዲመጣ ማስገደድ አይቻልም፤ ቤትን አዘጋጅቶ በርን ከፍቶ መጠበቅ ግን ይቻላል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የኖረው የግሪኩ ፈላስፋ አርስጣጣሊስ፣ ደስታ የአንድ አፍታ ስሜት ሳይሆን በመልካም ሥራ የሚመራ ሙሉ ሕይወት መሆኑን አስተምሯል። እንደ እርሱ አስተሳሰብ ሰው ደስ የሚለው ችሎታውን በሚገባ ሲሠራበት ነው። ይህ ትምህርት እጅግ ጥንታዊ ቢሆንም ለባለሙያ ቅርብ ነው። አስቸጋሪ የደም ሥር ፈልጎ በአንድ ጊዜ ያገኘ ነርስ፣ ወይም የታፈነ ሕፃን አልቅሶ እስኪተነፍስ ድረስ የታገለች አዋላጅ፣ በዚያች ደቂቃ የሚሰማቸው እርካታ ምን ዓይነት እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም።

ሎተሪ የደረሳቸውና አደጋ የደረሰባቸው

ሰው በአብዛኛው ደስታውን ለነገ ያስቀምጣል። ደመወዝ ሲጨመር፣ ቤት ሲሠራ፣ ልጅ ሲመረቅ፣ የትምህርት ዕድል ሲገኝ ደስ እንደሚለው ለራሱ ይነግራል። ይህ ተስፋ ምን ያህል እውነት መሆኑን ለመመርመር በአሜሪካ ሦስት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በ1978 አንድ ጥናት አሳተሙ። ፊሊፕ ብሪክማንና ሁለት ባልደረቦቹ 22 የሎተሪ ባለ ዕድሎችን፣ በአደጋ ሰውነታቸው ሽባ የሆነባቸውን 29 ሰዎችና ለማነጻጸሪያ የተመረጡ ሌሎች 22 ሰዎችን ጠየቁ።

ውጤቱ ብዙዎችን ያስገረመ ነበር። ሎተሪ የወጣላቸው ሰዎች ከጎረቤቶቻቸው ይህን ያህል የበለጠ ደስተኞች ሆነው አልተገኙም። ይልቁንም ከወዳጅ ጋር መጨዋወት፣ ቁርስ መብላት፣ ቀልድ መስማት፣ መጽሔት ማንበብን በመሳሰሉት ተራ የቀን ተግባሮች የሚያገኙት ደስታ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ታላቁ ዕድል ትናንሾቹን ደስታዎች አደበዘዘባቸው። አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች በአንጻሩ ከሌሎቹ ያነሰ ደስታ እንዳላቸው ተናገሩ፤ ይህ ሊሸፈን የማይገባው እውነት ነው። ሆኖም ማንም እንደሚገምተው በጨለማ የተዋጡ አልነበሩም።

ጥናቱ ጥቂት ሰዎችን ብቻ የያዘ ስለሆነ ከሚገባው በላይ ሊነገርለት አይገባም። በኋላ የተደረጉ ሌሎች ምርመራዎችም አንዳንድ መከራዎች፣ ለምሳሌ ጽኑ የአካል ጉዳትና ረጅም ሥራ አጥነት፣ የማይሽር ጠባሳ እንደሚተዉ አሳይተዋል። ቢሆንም ዋናው ትምህርት ጸንቶ ይኖራል። ሰው የተሰጠውን ነገር ቶሎ ይለምደዋል፤ የለመደውንም ማየት ይተዋል። ደስታውን ሁሉ በአንድ ታላቅ ቀን ላይ የሰቀለ ሰው፣ ያ ቀን ሲመጣ እንኳ እጁ ባዶ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። ቁርሱን፣ ወዳጁንና ጨዋታውን ማየት ያልተወ ሰው ግን በየቀኑ የሚለቅመው አያጣም።

የባለሙያው ልዩ ችግር

የጤና ባለሙያው ችግር ከሌላው ሠራተኛ ችግር የሚለይበት ነገር አለ። የኑሮ ውድነት፣ የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የሁሉም ነው። በዚያ ላይ ግን የሌሊት ተራ፣ የበሽተኛው ቁጥርና የሠራተኛው ቁጥር አለመመጣጠን፣ የመድኃኒትና የጓንት መጥፋት፣ የአስታማሚ ቁጣ፣ ከሁሉም በላይ ሊድን ይችል የነበረ ሰው በዓይን ፊት ሲያልፍ ማየት ይጨመርበታል። በ2020 መጋቢት ወር የኮሮና ተሕዋሲ ኢትዮጵያ መግባቱ ከታወቀ በኋላ፣ ባለሙያው ከቤተ ሰቡ ተለይቶ፣ ሕመሙን ወደ ልጆቹ እንዳይወስድ እየፈራ መሥራት ግድ ሆኖበት ነበር። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነትም ብዙ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተጎድተዋል፤ ተዘርፈዋልም። በትግራይ ከአንድ ዓመት በላይ ደመወዝ ሳይከፈላቸው በሥራቸው የጸኑ ሐኪሞችና ነርሶች ነበሩ።

ይህን የመሰለው ሸክም ሲደራረብ የሚያስከትለው ነገር ስም ከተሰጠው ቆይቷል። በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ በኒው ዮርክ የሚሠራ የሥነ ልቡና ሐኪም፣ በነፃ ክሊኒክ ውስጥ የሚያገለግሉ ባልደረቦቹ ቀስ በቀስ ተቃጥሎ እንዳለቀ መብራት ሲጠፉ አይቶ ጻፈ። ክርስቲና ማስላክ የተባሉ ተመራማሪም ከባልደረባቸው ጋር በ1981 የዚህን ዝለት መለኪያ አሳተሙ። እርሳቸው እንደሚሉት የሥራ ዝለት ሦስት ምልክቶች አሉት። የመጀመሪያው የውስጥ ኃይል መሟጠጥ ነው። ሁለተኛው በሽተኛውን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ ወይም እንደ አልጋ ቁጥር ማየት ነው። ሦስተኛው “የምሠራው ሁሉ ከንቱ ነው” ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዘርዝር፣ የሥራ ዝለት በሚገባ ካልተያዘ የሥራ ቦታ ጭንቀት የሚመጣ መሆኑን አስፍሯል፤ በሽታ ብሎ ግን አልመደበውም።

ከሦስቱ ምልክቶች ሁለተኛውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። “አልጋ ሰባት”፣ “የኩላሊቱ ሰውዬ” እየተባለ መነጋገር በተጨናነቀ ዋርድ ውስጥ ለአሠራር የሚመች ይመስላል። ነገር ግን በሽተኛው ስሙን ባጣ መጠን ባለሙያውም የሥራውን ጣዕም ያጣል። ሰውን ያዳነ ሰው ይደሰታል፤ የአልጋ ቁጥር ያዳነ ሰው ግን ምን ብሎ ይደሰታል? ስለዚህ ራስን ከሐዘን ለመከላከል ሲባል የተሠራው ግንብ ሐዘንን ብቻ ሳይሆን ደስታንም ወደ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል።

ሥራው አንድ ሲሆን ትርጉሙ ሁለት

በ2001 ኤሚ ረዝኒየቭስኪና ጄን ደተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአንድ ሆስፒታል ውስጥ ስለሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞች ያጠኑትን አቅርበው ነበር። ሠራተኞቹ የሚከፈላቸውና የታዘዙት ሥራ ተመሳሳይ ነው። ከእነርሱ መካከል አንዳንዶቹ ሥራቸውን ወለል መወልወልና ቆሻሻ መድፋት ብቻ አድርገው ያዩት ነበር፤ እነዚህ ሥራቸውን አይወዱትም። ሌሎቹ ግን ራሳቸውን በሽተኛው እንዲድን ከሚረዱት ሰዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩ ነበር። ከበሽተኛው ጋር ሁለት ቃል ይለዋወጣሉ፣ መንገድ የጠፋበትን ጠያቂ ይመራሉ፣ ሥራቸውንም ከነርሶቹ ሥራ ጋር ያስማማሉ። እነዚህኞቹ በሥራቸው ደስታ ያገኙበታል። መጥረጊያው አንድ ነው፤ የመጥረጊያው ትርጉም ግን ሁለት ነው።

የዚህ ጉዳይ ታላቅ ምስክር በአዲስ አበባ ይገኛል። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የተባሉት ባልና ሚስት የማሕፀን ሐኪሞች በ1959 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መሥራት ጀመሩ። በዚያም በወሊድ ጊዜ በደረሰባቸው ጉዳት ሽንታቸውን መቆጣጠር ተስኗቸው፣ ከባልና ከመንደር ተገልለው የሚኖሩ ሴቶችን አገኙ። ለእነዚህም ሴቶች ሲሉ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ።

ከመጀመሪያዎቹ ሕሙማን አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ነበሩ። ገና በለጋ ዕድሜያቸው ተድረው፣ ለቀናት አምጠው ልጃቸውን አጡ፤ ሰውነታቸውም በዚያው ተጎዳ። ሆስፒታል ገብተው ከታከሙ በኋላ ወደ ኋላ ለመመለስ አልቸኮሉም። አልጋ በማንጠፍና ሌሎችን ሕሙማን በመርዳት ጀመሩ። ቀጥሎም በቀዶ ሕክምና ክፍል መሣሪያ ማቀበል ቻሉ፤ ከዚያም የሃምሊን እጅ እንዴት እንደሚሠራ እያዩ ራሳቸው መስፋት ተማሩ። መደበኛ ትምህርት ቤት ያልገቡት እኒህ ሴት በመጨረሻ የተመሰከረላቸው የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ፤ ከልዩ ልዩ አገር ለሚመጡ ሐኪሞችም ጥበቡን ያሳዩ ጀመር። በ1989 በሎንዶን የሚገኘው ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ እርሳቸውንና ሃምሊኖችን በወርቅ ሜዳይ አከበራቸው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንም በዘጠና ስድስት ዓመታቸው በ2020 መጋቢት ወር እስኪያርፉ ድረስ በአዲስ አበባ ኖሩ። በዚያን ጊዜ በሆስፒታሉና በቅርንጫፎቹ የታከሙት ሴቶች ቁጥር ከ60,000 በላይ መድረሱ ተነግሯል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ትምህርት “መከራ መልካም ነው” የሚል አይደለም። ወይዘሮ ማሚቱ የደረሰባቸው መከራ መልካም አልነበረም፤ አዋላጅና ጤና ጣቢያ በአቅራቢያ ቢኖር ኖሮ ባልደረሰ ነበር። ትምህርቱ ሌላ ነው። ያው ሕመም ራሱ ለሌላው ሕመም ማወቂያ ሆነ። እርሳቸው በአልጋው አጠገብ ሲቆሙ፣ የተኛችዋን ሴት እፍረትና ፍርሃት ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። የራስን ችግር ለሌላ ሰው መድኃኒት ማድረግ የሚሰጠው ደስታ ከተድላም ከፈንጠዝያም የተለየ ነው፤ ይህን ሐሤት ማለት ሳይሻል አይቀርም።

ሰው ለሰው

የደስታ ሁለተኛው ምንጭ ሰው ነው። በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1938 የጀመሩት ጥናት በዓለም ላይ እጅግ ረጅም ከሆኑት አንዱ ነው። 268 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎችና ከቦስተን ከተማ ድሆች ሰፈሮች የተመረጡ 456 ልጆች ከወጣትነት እስከ እርጅና ተከታትለው ተመርምረዋል። አንዳንዱ ሀብታም ሆነ፤ አንዳንዱ ደኸየ፤ ከመካከላቸው ጆን ኬኔዲ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደረሰ። ተመራማሪዎቹ የሰማኒያ ዓመቱን መዝገብ ሲያገላብጡ ያገኙት ውጤት ግን አጭር ነው። በእርጅና ዘመን ጤናንና ደስታን አስቀድሞ የሚያመለክተው ገንዘብ ወይም ዝና ሳይሆን ከሰው ጋር ያለ የጠበቀና የሞቀ ግንኙነት ነው።

ይህን የኢትዮጵያ ሕዝብ ያለ ጥናት ያውቀዋል። “ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው” የሚለው ተረት ከዚህ የተለየ ነገር አይናገርም። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለውም እንዲሁ ነው። ሎሚው አልቀነሰም፤ የተለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው። ዕድር፣ ዕቁብና ማኅበር የቆሙት በዚህ ጥበብ ላይ ነው። ዕድር ሞትን አያስቀርም፤ ነገር ግን ሐዘንተኛው ድንኳኑንና ቀብሩን ብቻውን እንዳያስብ ያደርገዋል።

የቡናም ሥርዓት ከዚሁ ይመደባል። ቡና ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ ሲቀዳ የሚያልፈው ጊዜ ለቸኮለ ሰው የባከነ ይመስለዋል። ሆኖም ጠቃሚው ነገር መጠጡ ብቻ አይደለም። አንድ ሰው በሦስቱ ስኒዎች መካከል የልቡን ይናገራል፤ ሌላው ይሰማዋል፤ ማንም መፍትሔ ባይሰጠው እንኳ ሲነሣ ቀሎት ይነሣል። የሌሊት ተረኛ የሆኑ ነርሶች ከንጋቱ በፊት በጀበናም ሆነ በፔርሙስ ያመጡትን ቡና ወይም ሻይ ተካፍለው ሲጠጡ፣ በዋርዱ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠውን መድኃኒት እየተካፈሉ ሊሆን ይችላል። ይህችን አሥር ደቂቃ እንደ ስንፍና የሚቆጥር ኃላፊ ሥራን የሚጠብቅ እየመሰለው ሠራተኛን ያጣል።

ፊት ለፊት ያለውን ማየት

ሦስተኛው ምንጭ ልብን ከዓይን ጋር ማዋል ነው። ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ 2,250 ሰዎችን በየቀኑ በተለያየ ሰዓት በስልክ አማካይነት፦ አሁን ምን እየሠራህ ነው? አሳብህስ የት ነው? ምን ይሰማሃል? እያሉ ጠየቁ። ሰዎቹ ከነቁበት ጊዜ ውስጥ 47 ከመቶ በሚያህለው አሳባቸው ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ሲዞር ተገኘ። አሳባቸው ሲባዝን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ደስታቸው የቀነሰ ነበር። ወደ መልካም ነገር እንኳ ቢባዝን፣ በያዙት ሥራ ላይ ከመዋል የበለጠ ደስታ አላስገኘላቸውም።

ይህ ለባለሙያው ቀላል የማይባል ምክር ነው። በአንዱ አልጋ አጠገብ ቆሞ ስለሚቀጥለው አልጋ የሚያስብ፣ ቤቱ ገብቶ ደግሞ ስለ ሆስፒታሉ የሚያስብ ሰው፣ በሁለቱም ቦታ የለም። በሽተኛውም ባለሙያውን አያገኘውም፤ ልጆቹም አባታቸውን አያገኙትም። ጋውን ሲወልቅ የቀኑንም ሸክም አብሮ ለማውለቅ መልመድ ያስፈልጋል። አንዳንዱ ይህን በጸሎት ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ከመሥሪያ ቤቱ እስከ ቤቱ ጥቂት መንገድ በእግሩ በመሄድ ያደርገዋል፤ ሌላውም ፊቱንና እጁን ታጥቦ ልጁን በማቀፍ ያደርገዋል። መንገዱ ልዩ ልዩ ቢሆን ፍሬው አንድ ነው።

ማየትን የሚያስለምድ ሌላም ቀላል ልማድ አለ። ሮበርት ኤመንስና ማይክል ማከሎ በ2003 ባሳተሙት ጥናት፣ ለአሥር ሳምንት በየሳምንቱ የሚያመሰግኑበትን አምስት ነገር እንዲጽፉ የታዘዙ ሰዎች፣ ያስቸገራቸውን ነገር እንዲጽፉ ከታዘዙት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜትና ተስፋ አሳይተዋል። ምስጋናን ለለመደ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። “እንደምን አደርክ?” ለሚለው ሰላምታ “እግዚአብሔር ይመስገን” ወይም “አልሐምዱ ሊላህ” የሚለው መልስ በየማለዳው ይሰማል። ችግሩ ቃሉ ከአፍ ወጥቶ ልብ ሳይሰማው ማለፉ ነው። ባለሙያው ምን እንዳመሰገነ ለራሱ በስሙ ቢጠራ፣ ለምሳሌ “ዛሬ ትኩሳቱ የበረደለት ልጅ ጠይቆኝ ሄደ” ቢል፣ ምስጋናው ሕይወት ያገኛል። በተራ ርክክብ ጊዜ የሞተው፣ የባሰበትና የጎደለው መድኃኒት ይነገራል፤ የግድም ነው። በዚያው ላይ ድኖ የወጣው ሰው ስሙ ቢነሣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሊታለፍ የማይገባ ወሰን

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ስለ ደስታ የሚነገር ቃል በተሳሳተ እጅ ከገባ የበደል መሸፈኛ ይሆናል። ለሠራተኛው የሚገባውን ደመወዝ፣ በቂ ባልደረባ፣ ጓንትና የዕረፍት ሰዓት ሳይሰጡ “ደስ ብሏችሁ ሥሩ” ማለት፣ ለተራበ ሰው የምግብን ጥቅም እንደ ማስተማር ነው። ማስላክ ራሳቸው ሲያስረዱ የኖሩት፣ ዝለት የአንድ ሰው ድክመት ሳይሆን በሠራተኛውና በሥራ ቦታው መካከል ያለ አለመስማማት መሆኑን ነው። ስለዚህ የአሠራር ጉድለት በአሠራር ለውጥ እንጂ በፈገግታ አይጠገንም። ማኅበርም የሚያስፈልገው አንዱ ለዚህ ነው፤ አንድ ነርስ ብቻውን ሊጠይቅ የማይችለውን ብዙዎች ሆነው በሥርዓት ይጠይቃሉ። የዕለት ደስታና የመብት ጥያቄ ተቃራኒዎች አይደሉም። እንዲያውም ልቡ ያልደረቀ ሰው ነው ለረጅም ጊዜ ታግሦ የሚጠይቀው።

ሁለተኛው ወሰን ሕመምን የሚመለከት ነው። የጠና የመንፈስ ጭንቀት ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ለሳምንታት ተስፋው የጨለመበት ወይም ሞትን የተመኘ ባልደረባ ምክርና ተረት ብቻ አይበቃውም። ሌላውን ወደ ሐኪም የሚልክ ባለሙያ ራሱ ሐኪም ዘንድ መሄድን እንደ ውርደት ሊያየው አይገባም። ባልደረባው ዝም ማለቱን ያየ ሰውም “ደክሞት ይሆናል” ብሎ ሳያልፍ ጠጋ ብሎ ሊጠይቀው ይገባል።

መደምደሚያ

እንግዲህ፣ ክቡራን የማኅበሩ አባላት፣ ከላይ ለተነሣው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ችግር ሳይወገድ ደስታ ይገኛል፤ ነገር ግን ችግሩን በመካድ አይገኝም። ከቪየና ከተማ የነበሩት የአእምሮ ሐኪም ቪክቶር ፍራንክል ከ1942 እስከ 1945 በናዚዎች የእስር ካምፖች ውስጥ ሲሰቃዩ ወላጆቻቸውንና ሚስታቸውን አጥተዋል። በ1946 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስረዱት ዋና አሳብ፣ ሰው ሁሉን ቢቀማ እንኳ በደረሰበት ነገር ፊት እንዴት እንደሚቆም የመምረጥ ነፃነት እንደሚቀረው ነው። ደስታም በቀጥታ ሲያሳድዱት ይሸሻል፤ ትርጉም ላለው ሥራና ለሚወዱት ሰው ሲሉ ሲኖሩ ግን ሳይጠሩት ይመጣል የሚል እምነት ነበራቸው።

ለጤና ባለሙያው ይህ ትርጉም ሩቅ አይደለም። ከማለዳ እስከ ማታ በፊቱ ተኝቶ ይጠብቀዋል፤ ስምም አለው። በሽተኛውን በስሙ መጥራት፣ ከባልደረባ ጋር አንድ ስኒ ቡና መካፈል፣ የዳነውን መቁጠር፣ ጋውኑን ሲያወልቅ ቀኑን አብሮ ማውለቅ፣ የተጎዳ ባልደረባን መጠየቅ፤ እነዚህ ሁሉ በጀት የማይጠይቁ፣ ፈቃድም የማያስፈልጋቸው ናቸው። ደመወዙ ሊዘገይ፣ መድኃኒቱ ሊጠፋ፣ ሌሊቱም ሊረዝም ይችላል። እነዚያን ለማስተካከል ማኅበሩ መሥራቱን አይተውም። እስከዚያው ግን የዛሬው ቀን ራሱ ተመልሶ የማይመጣ ነውና፣ በውስጡ ያለችውን ጥቂት ደስታ ሳያዩ ለነገ ማሳለፍ አይገባም።